የበረዶው ደን ጸጥታ የማን ነው?

አንድ ሰው ድምፁን ሳያሰማ፥ ቅርንጫፍ ሳይሰብር፥ ጠመንጃ ሳይዝና ማንንም ሳይነካ በደን ውስጥ አልፎ ቢሄድ ማንን በደለ ይባላል? ብዙዎቻችን «ማንንም አልበደለም» ብለን ፈጥነን እንመልሳለን። በደል የሚባለው ነገር እጅ ሲነሣ፥ አንደበት ሲሳደብ ወይም የሰው ገንዘብ ሲወሰድ ብቻ የሚገለጥ ይመስለናልና። ነገር ግን ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰውም ሳያውቀው ከሌላው ሊወስድ የሚችለው ነገር አለ። ይህን አጉልቶ የሚያሳየው ምሳሌ የሚገኘው ምድር ለወራት በበረዶ ተሸፍና በምትኖርበት በሰሜን አሜሪካ ደን ውስጥ ነው። ስለዚህ፥ የተወደዳችሁ አንባቢዎች፥ ወደ ጥያቄው ከመግባታችን አስቀድሞ ስለ ስፍራው ጥቂት እንድነግራችሁ ፍቀዱልኝ።

በቋንቋችን ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፥ ውሃ ረግቶ የሚሆነውንም፥ እንደ ተነደፈ ጥጥ ዝግ ብሎ የሚወርደውንም ሁሉ በረዶ እንለዋለን። አመዳይ የሚል ስም ደግሞ አለን፤ ሆኖም ከመጽሐፈ ኢዮብና ከመዝሙረ ዳዊት በቀር በሌላ ስፍራ ብዙ አንገናኘውም። ይህ ሲባል አባቶቻችን ነገሩን ፈጽመው አላወቁትም ማለት አይደለም። በስድስተኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በአዱሊስ ወደብ ከድንጋይ ላይ የገለበጠው ጽሕፈት፥ ስሙ ያልታወቀ አንድ የአክሱም ንጉሥ ወደ ስሜን ተራሮች እንደ ዘመተና በዚያም ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንዳለ ይናገራል። በዚህ ጽሑፍ በረዶ የምለው ይህን እግር የሚውጠውን ለስላሳውን ነው።

እኛ እህላችንን አጭደን በምንወቃበት በበጋችን ወራት፥ ከኅዳር እስከ መጋቢት ድረስ፥ በሚኒሶታ ግዛት ሰሜናዊ ክፍል ጽኑ የብርድ ወራት ነው። ታወር በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር፥ ብርዱ ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ተመዝግቦአል። ከአገራችን ወጥተው በዚያው ግዛት በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን በረዶን የሚያውቁት ከሁሉ በፊት በአካፋ ነው፤ ማለዳ ደጃቸውን ጠርገው ወደ ሥራ ይሄዳሉና። ከእነርሱ ለአንዱ «በዕረፍት ቀን ለደስታ ብለህ በረዶ ወዳለበት ደን ሂድ» ብትሉት ይስቅባችኋል። እኔም አልፈርድበትም።

ቢሆንም የሚሄዱ አሉ፤ ምክንያታቸውም ከንቱ አይደለም። በዚያው ግዛት ሱፒሪየር የሚባለው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1909 ዓ.ም. የተከለለው ብሔራዊ ደን ይገኛል። ቅጠላቸውን የማያረግፉ ጥድ መሰል ዛፎችና ቅርፊታቸው ነጭ የሆነ የበርች ዛፎች በብዙ ሐይቆች ዙሪያ ቆመውበታል። በረዶ ከወረደ በኋላ በዚህ ደን የሚገኘው ጸጥታ እኛ ሌሊት በገጠር ከምናውቀው ጸጥታ ይለያል። አዲስ የወረደ በረዶ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል አየር ነው፤ ድምፅም በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብቶ ይቀራል እንጂ እንደ ድንጋይ ወይም እንደ ግድግዳ አያስተጋባም። ሐይቁ ረግቶ ዝም ብሎአል፤ ወንዙ ከበረዶ በታች ተሸሽጎአል፤ ከወፎችም ብዙዎቹ ወደ ሞቃት አገር ሄደዋል። ሰው በዚያ ሲቆም የራሱን እስትንፋስ፥ አልፎ አልፎም የልቡን ትርታ ይሰማል። በከተማ ጫጫታ የደከመ ሰው ይህን ሲያገኝ እንደ ጠበል የሚቈጥረው ስለዚህ ነው።

ወደዚያ የሚያደርሰው መሣሪያ የበረዶ ጫማ ነው። ጫማ ይባል እንጂ ይበልጥ የሚመስለው ወንፊትን ነው። የቀድሞው ሥራ እንዲህ ነበር፤ አሽ የሚባለውን ጠንካራ እንጨት በእንፋሎት አለስልሰው ያጎብጡትና ክፈፍ ያደርጉታል፤ ከዚያም ካልለፋ የአጋዘን ቆዳ በቀጭኑ የተተለተለ ጠፍር እንደ አልጋ ይጠልፉበታል። የዛሬው ግን በአብዛኛው ከአሉሚኒየምና ከፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ በበታቹም እንዳያንሸራትት የብረት ጥርስ አለው። ጥበቡ ቀላል ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በተራ ጫማ ቢረግጥ ክብደቱ በሙሉ በመዳፍ በምታህል ስፍራ ላይ ያርፍና ይሰጥማል፤ የበረዶ ጫማ ግን ያንኑ ክብደት አምስት ወይም ስድስት እጥፍ በሚሰፋ ስፍራ ላይ ስለሚዘረጋው በረዶው ይችለዋል። ፈጽሞ አይሰጥምም ማለት አይደለም፤ አዲስ በረዶ ላይ አንድ ስንዝር ወይም ከዚያ በላይ ይገባል፤ ነገር ግን ይወጣል፥ ይራመዳልም።

በቡድን ሲኬድ ከሁሉ የሚደክመው ከፊት ያለው ነው። ማንም ያልረገጠውን በረዶ የሚደለድለው እርሱ ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ እግሩን ከፍ አድርጎ ያነሣል፥ በጫማው ላይ የተከመረውን በረዶ ያራግፋል፥ እንደገናም ይረግጣል። ከኋላው ያለው ሁለተኛው ድካሙ ይቀንስለታል፤ አራተኛውና አምስተኛው ግን እንደ ጥርጊያ መንገድ እያወጉ ይሄዳሉ። ስለዚህ ልማዱ እንዲህ ነው፤ ፊተኛው ሲደክም ከመንገዱ ወጣ ብሎ ይቆምና ሌሎቹን አሳልፎ የሰልፉ መጨረሻ ይሆናል፥ ሁለተኛውም በፈንታው ይመራል። ማንም ሳያዝዝ ሸክሙ በየተራ ይዞራል። ፋና ወጊ የሚለው የአማርኛ ቃል ትርጉሙን እንዲህ ቃል በቃል የሚያገኝበት ሌላ ስፍራ አላውቅም። በኋላ እንደምናየው ግን ፋና የሚወጋ ሰው ለወዳጆቹ ብቻ አይወጋም።

ይህን ጫማ የሠሩት የምድሪቱ ጥንታውያን ሕዝቦች፥ ማለት ክሪ፥ ኦጂብዌና ሌሎችም የሰሜን ነገዶች፥ ለጨዋታ ብለው አልሠሩትም። ያለ እርሱ በብርድ ወራት ወጥመድ ማየት፥ እንጨት ማምጣት፥ አጋዘን ማደን አይቻልም ነበር፤ ያልተራመደ ቤተ ሰብ ይራባል። በኋላ አውሮፓውያን ተማሩትና ለጦርነት አዋሉት፤ በሌክ ጆርጅ አካባቢ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1757 እና በ1758 ዓ.ም. እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ከየረዳቶቻቸው ጋር በበረዶ ጫማ ላይ ሆነው ተዋግተዋል። በ1840 ዓ.ም. ደግሞ በሞንትሪያል ከተማ ለደስታ የሚራመዱ ሰዎች ማኅበር አቆሙ፤ ሰማያዊ የሹራብ ቆብ ደፍተው፥ ሌሊት ችቦ ይዘው ወደ ተራራው ይወጡ ነበር። እንግዲህ መሣሪያው አንድ ሆኖ ሳለ የተራማጁ ልብ ሦስት ጊዜ ተለዋወጠ። በረሃብ ምክንያት ወደ ደን የገባ ሰውና ዕረፍት ፈልጎ የገባ ሰው አንድ ዓይነት ዱካ ይተዋሉ፤ ጥያቄያችን ግን የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያው እንደ ተኵላው ለመኖር የገባ ነውና ሌላ ዳኝነት ይገባዋል።

አሁን ወደ ደኑ እንመለስ። ባዶ የመሰለን ጸጥታ ባዶ አይደለም። ሩሲያዊው ሊቅ ፎርሞዞቭ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1946 ዓ.ም. በረዶ ለአራዊትና ለአዕዋፍ ምን ማለት እንደ ሆነ በሰፊው ጽፎ ነበር፤ ከእርሱም ወዲህ ብዙዎች መርምረዋል። የበረዶው ጥልቀት በቂ ሲሆን በላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ እያለ ከበታች መሬቱ አጠገብ ዜሮ ገደማ ሆኖ ይቆያል። በዚያ በጠባቡ ክፍተት የዱር አይጦች መተላለፊያ አበጅተው ይመላለሳሉ፥ ሥርና ዘር ይበላሉ። ግራውስ የምትባል ቆቅ መሳይ ወፍ በብርድ ወራት በጣቶቿ ዳርና ዳር እንደ ማበጠሪያ ያለ ጥርስ ይበቅልላትና በበረዶ ላይ ለመሄድ ይረዳታል፤ ሲመሽም እየበረረች መጥታ በለስላሳው በረዶ ውስጥ ትሰጥምና እዚያው ተሸፍና ታድራለች። በዚያ ደን የሚኖረው ጥንቸል ደግሞ በበጋ ቡናማ፥ በብርድ ወራት ነጭ ነው፤ የኋላ እግሮቹም ሰፋፊና ጠጕራም ስለ ሆኑ ፈጣሪ የበረዶ ጫማ አድርጎለታል ሊባል ይቻላል። ሰውም በእንግሊዝኛ ስሙን በዚሁ ጠርቶታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን አጋዘኑ ነው። ጅራቱ ከሥሩ ነጭ የሆነው አጋዘን እግሩ ቀጭን፥ ሰኮናውም ሹል ስለ ሆነ በጥልቅ በረዶ ላይ አቅም የለውም። ስለዚህ በረዶው ሲበዛ አጋዘኖቹ ጥቅጥቅ ባሉ ጥድ መሰል ዛፎች ሥር ይሰበሰባሉ፤ ቅርንጫፎቹ በረዶውን ከላይ ስለሚይዙት በታች ያለው ያንሳል፥ ነፋሱም ይበርዳል። በዚያ ስፍራ በየቀኑ በተመሳሳይ ቀጭን መንገድ እየተመላለሱ በረዶውን ይደለድላሉ፤ የሚበሉትም የዛፍ ጫፍና ቅርፊት ነው። ይህ ምግብ ጨርሶ አያጠግባቸውም። የሚኖሩት በመከር ወራት በአካላቸው ባከማቹት ስብ ነው፤ ፀደይ እስኪገባም ከክብደታቸው አንድ አምስተኛ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳሉ። በቪየና የሚገኙ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. ስለ አውሮፓው ቀይ አጋዘን ባሳተሙት ምርመራ፥ በብርድ ሌሊት የልቡ ምት እንደሚቀንስና የእግሩ ሙቀት እንደሚወርድ አስረድተዋል። ይኸውም ቤተ ሰብ ዘይት ለመቈጠብ ፋኖሱን ዝቅ እንደሚያደርግ ማለት ነው።

የደጋ ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም። ሐምሌና ነሐሴ ምን ወራት እንደ ሆኑ ያውቃል፤ ጎተራው ተራቁቶ፥ አዲሱ እህል ገና እሸት ሳይሆን፥ እናት እፍኙን እየለካች የምታወጣበት ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ እንግዳ ቢመጣ ባለቤቲቱ አላስተናግድም አትልም። ፊቷን አብርታ የመጨረሻውን ዱቄት ታቦካለች። እንግዳው በልቶ አመስግኖ ይሄዳል፤ «ምንም አላስቸገርኋቸውም» ብሎም ያምናል። አስተዋይ እንግዳ ግን የወሩን ስም ያውቃል፤ በደጅ ሰላምታ ሰጥቶ፥ መንገድ እንደሚቸኩል አመካኝቶ ያልፋል።

አጋዘኑም በፌብሩዋሪና በማርች በነሐሴው ላይ ነው። ሰው ድንገት ሲደርስበት ከደለደለው መንገድ ወጥቶ ሆዱ በሚደርስ በረዶ ውስጥ እየዘለለ ይሸሻል። ሦስት መቶ ወይም አራት መቶ ሜትር ሸሽቶ ይቆማል። ሰውዬው «እንዴት ያማረ እንስሳ አየሁ!» ብሎ ደስ እያለው ይሄዳል። ምንም ደም አልፈሰሰም፥ ምንም ድምፅ አልተሰማም። ነገር ግን አጋዘኑ በዚያች ሩጫ ያወጣውን ስብ እስከ ሣር ወራት ድረስ የሚተካበት ምግብ የለውም። አንድ ጊዜ ቢሆን ይችለዋል፤ በየቅዳሜው ቢሆንስ? በደከመው አካል ላይ የመጨረሻው ብርድ ሲመጣ ማን ገደለው ይባላል? ገዳዩ ከተባሉት መካከል ያ ትሑት፥ ጸጥተኛ፥ ተፈጥሮን ወዳድ ሰው ስሙ አይጠራም።

ከዚህ የምረዳው፥ በረዶው ለደካሞቹ ቅጥር እንደ ነበረ ነው። ሰው እስከ ጉልበቱ በሚሰጥምበት ጊዜ ወደ ደኑ ልብ አይገባም ነበር፤ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ እነርሱ በመጠለያቸው ያርፉ ነበር። የበረዶ ጫማ ግን ቅጥሩን ያለ መሰላል የሚያሻግር መሣሪያ ሆነ። እንግዲህ በጫማው ኀይል ያገኘ ሰው አስቀድሞ በረዶው ይጠብቅለት የነበረውን ወሰን አሁን በራሱ ልብ ሊጠብቀው ይገባል። መሄድ የማይችል ሰው ባለ መሄዱ አይመሰገንም፤ የሚችለው ግን ይጠየቃል።

«ተኵላም ያሳድዳቸው የለምን?» የሚል ሰው ይኖራል። አዎን፥ ያሳድዳቸዋል። ተኵላው ግን ሳያሳድድ መኖር አይችልም፤ ሰው ግን በቀኝ ያለውን መንገድ ትቶ በግራ ቢሄድ የሚጎድልበት አንዳች የለም። ሌላው ደግሞ «እኔ ክፉ አላሰብሁም» ይላል። ይህን ቃል አልንቀውም፤ አሳብ ትልቅ ነገር ነውና። ሆኖም ባለማወቅ የረገጠ ሰው ከተነገረው በኋላ ያው ሰው አይደለም። ሦስተኛው፥ ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ፥ «እንግዲያስ ሰው በቤቱ ይቀመጥ ማለት ነዋ!» የሚለው ነው። እኔ እንዲህ አልልም። ደኑን በዐይኑ ያላየ ሰው ዛፉ ሲቈረጥ አያዝንም፤ አጋዘኑን አንድ ጊዜ እንኳ ያላየ ስለ አጋዘኑ ሕግ ሲወጣ እጁን አያነሣም። የደከመ ነፍስም ጸጥታ ያስፈልጋታል፤ ይህን የሚከለክል ሰው ሰውን አያውቅም። ጥያቄው መግባትና አለመግባት ሳይሆን እንዴት መግባት እንደሚገባ ነው።

በዚህ ነገር የስዊስ ሰዎች በሕግ መልስ ሰጥተዋል። በተራሮቻቸው ላይ የአራዊት የጸጥታ ክልል የሚባሉ ቦታዎች ለይተው፥ በብርድ ወራት ሰው ጨርሶ እንዳይገባባቸው ወይም ከተፈቀደው መንገድ እንዳይወጣ ምልክት ተክለዋል። በዚያ የሚጠበቁት ወፎች ደግሞ ቀኑን አብዛኛውን ሰዓት በበረዶ ጉድጓድ ውስጥ ተሸሽገው የሚውሉ ናቸው። ሕጉን ስመረምረው ያስገረመኝ፥ መንገዱ ላይ የሚሄደው ሰው እጅግም አለመከልከሉ ነው። ምክንያቱ ግልጥ ነው። አራዊት ሰው ዘወትር የሚያልፍበትን መስመር ይለምዱታል፤ ያ ሰው ከዚያ መስመር እንደማይወጣ ያውቃሉና ራሳቸውን ቀና አድርገው አይተው ይተዉታል። የሚያስደነግጣቸው ከመንገድ ወጥቶ፥ ባልታሰበ ስፍራ፥ በተለይም ውሻ አስከትሎ የሚመጣው ነው። ከዚህም የተነሣ ጸጥ ብሎ ከዛፎች መካከል ብቅ የሚለው በመንገድ ላይ እያወራ ከሚያልፈው ይልቅ ሊያስፈራቸው ይችላል። ጸጥታ ራሱ ንጽሕና አለመሆኑን ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

ስለ ፋና ወጊውም ያቆየሁት ነገር ይኸው ነው። የተረገጠ በረዶ ሲያድር ይጠነክራል፤ በነጋታው ሌላ ሰው ያገኘውና «ሰው የሄደበት ነው» ብሎ ይከተለዋል። ከሳምንት በኋላ መንገድ ሆኖአል። ሌሊት ደግሞ ተኵላዎች ይሄዱበታል፤ እነርሱም ጥልቅ በረዶ ያደክማቸዋልና የተደለደለውን ይመርጣሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሰው አጋዘኖች ወደ ተጠለሉበት ጥቅጥቅ ዛፍ ለአንድ አፍታ ብቻ ገባ ብሎ ቢወጣም፥ የከፈተው በር ከእርሱ ጋር አይወጣም። አጋዘን ለማየት ጓጕቶ የእርሱን ዱካ እየተከተለ የሚሄድማ ከሁሉ የባሰ ነው። ዱካው ትኩስ ሆኖ የእበቱም ጠጠር ገና ሳይረግ ሲገኝ፥ መጠለያው ቅርብ ነው ማለት ነውና መመለስ የሚገባው በዚያ ነው፤ ይልቁንም የብርዱ ወራት ሊያልቅ ሲቃረብ። ለተራማጁ አየሩ ለዘብ ብሎ፥ ፀሐይዋ ከፍ ብላ ጉዞው ደስ የሚያሰኘው በዚያው ሰሞን መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል።

በኤፕሪል ወር በረዶው መቅለጥ ይጀምራል። በመጀመሪያ በዛፎች ግንድ ዙሪያ ቀለበት የመሰለ ጥቁር አፈር ይታያል፤ ቀጥሎም ለስላሳው ሁሉ ሄዶ የዓምናው ቅጠል ይወጣል። ሰው የረገጠው ግን ተደልድሎ በረዶ ድንጋይ ሆኖአልና ከሁሉ በኋላ ይቀልጣል። ደኑ በሙሉ ቡናማ ሆኖ ሳለ ለብዙ ቀናት ነጭ መስመር በመካከሉ ይቆያል። በዚያን ጊዜ ማንም መጥቶ ቢያይ፥ ተራማጆቹ የት የት እንደ ዞሩ፥ ወደ ጥቅጥቁ ዛፍ የገባው ማን እንደ ሆነ ባይታወቅ እንኳ የት ላይ ከመንገድ እንደ ወጣ፥ የት ላይም ቆም ብሎ ወደ ኋላ እንደ ተመለሰ፥ መስመሩ በግልጥ ያሳየዋል።